«እርስ በርስ»፤ ምንጩ፣ አገባቡና ከ«ጋራ» የሚለይበት ፍች

ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ፣ ወደ ከሚሴ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ በምትገኘው በሐርቡ ከተማ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቃላት ስብሰባ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ የሠፈር ቅሬ መተዳደሪያ ደንቡን በጽሑፍ ሲያዘጋጅ እንድገኝ ተጋበዝሁ። ቅሬ በወሎ አማርኛ፣ በሌላው አገር «እድር» የሚባለው ማኅበር ነው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚቀባበርበት ሠፈርም በዚያ አገር ብርቅ አይደለም። ደንቡን ያረቀቀው ትምህርቱን በቅርቡ የጨረሰ ወጣት ጸሐፊ ነበር። ከአንቀጾቹ አንዱ «የቅሬው አባላት በጋራ ይረዳሉ» ይላል። ሲነበብ ብዙዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። አንድ ሽማግሌ ግን እጃቸውን አንሥተው፣ «አንተ ልጅ፣ በጋራማ ሣጥኑ ነው፤ እኛ እኮ እርስ በርሳችን ነን» አሉት።

ነገሩ የቃል ምርጫ ብቻ አልነበረም። በዚያው ሰሞን አንዲት ባልቴት ልጃቸው በጽኑ ታሞባቸው ነበር። ባልቴቷ ወርኃዊ መዋጮ ከከፈሉ ስምንት ወር አልፏቸዋል፤ ከለቅሶ ቤት ግን ቀርተው አያውቁም፤ ውኃ ሲቀዱ፣ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ሐዘንተኛ ሲያጽናኑ ኖረዋል። ደንቡ «በጋራ» ብሎ ቢጸድቅ፣ በሣጥኑ ውስጥ ድርሻ የሌለው ሰው ከርዳታው ውጭ ይሆናል። «እርስ በርስ» ብሎ ቢጸድቅ ግን፣ ሌላውን የቀበረ ሁሉ በተራው ቀባሪ አያጣም። ሽማግሌው ያዩት ይህን ነው። ጉባኤው ወደ እኔ ዞሮ «የቋንቋው ሰው ይንገረን» ቢለኝ በዚያ ሰዓት የሰጠሁት መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር። ይህ ጽሑፍ ያንኑ መልስ በሚገባው ስፋት ለመስጠት የታሰበ ነው።

«እርስ» ዛሬ ብቻውን ቆሞ አይነገርም። ምንጩ የግእዙ «ርእስ» ነው። «ርእስ» በመጀመሪያ የአካል ክፍል ስም ነው፤ ከዚያም አልፎ ባለቤቱን፣ ማለት ሰውዬውን ራሱን ለማመልከት ያገለግላል። ይህ አንድ ቃል በአማርኛ ውስጥ በአንድ መልክ አልቀረም። «ርእስ» ተብሎ እንደ ጥንቱ ሲጻፍ ለጽሑፍ መጠሪያ ሆነ። «ራስ» ሲባል ለአካሉ፣ ለባለቤትነቱና ለማዕርጉ አገለገለ። በሦስተኛ መልኩ «እርሱ፣ እርሷ፣ እርሳቸው፣ እነርሱ» እያለ የሩቅ ሰው ተውላጠ ስም፣ «እርስዎ» ሲል ደግሞ የቅርብ ሰው ማክበሪያ ሆነ። አራተኛው መልክ የያዝነው «እርስ በርስ» ነው። ስለዚህ «እርሱ መጣ» የሚል ሰው ከሥሩ ሲፈታ «ራሱ መጣ» ማለቱ ነው። በትግርኛ «ንሱ» የሚለው ተውላጠ ስም ከ«ነፍሱ» የወጣ ስለ ሆነ፣ ሁለቱ እኅትማማች ቋንቋዎች ሩቁን ሰው ለመጥራት አንዱ ራሱን፣ ሌላው ነፍሱን ይዘዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ማረም ይገባል። «እርስ»ን ከ«ርስት» ጋር እያያያዙ፣ «እርስ በርስ ማለት በአንድ ርስት ላይ ያሉ ሰዎች ማለት ነው» የሚሉ አንዳንድ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሐሳቡ ያማረ ቢመስልም «ርስት» የመጣው «ወረሰ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ከ«ርእስ» ጋር ዝምድና የለውም።

እንግዲህ «እርስ በርስ» ቃል በቃል «ራስ በራስ» ነው፤ ሁለት ራሶችን «በ» በምትባለው መስተዋድድ ያጋጥማል። ሌሎቹ ቋንቋዎች ይህንኑ ሐሳብ ለመግለጽ ሌላ ሌላ መንገድ ይዘዋል። ግእዝ «በበይናቲሆሙ» ሲል መነሻው «በይነ» ነው፤ «በመካከላቸው» እንደ ማለት። ትግርኛ «ሓድሕድ» ሲል «ሓደ»ን፣ ማለትም «አንድ»ን ደጋግሞ ነው። ዐረብኛ «በዕዱሁም በዕደን» ሲል «ከፊላቸው ከፊላቸውን» ማለቱ ነው። ከሐርቡ ወደ ከሚሴ ዘለቅ ሲሉ የሚሰማው ኦሮምኛ ደግሞ «ወል» የምትባል አንዲት አጭር ቃል ከግሡ ፊት ያስቀድማል፤ «ወል ጃለቱ» ሲል «ይዋደዳሉ»፣ «ወል ገርጋሩ» ሲል «ይረዳዳሉ» ማለት ነው። አማርኛም «የወል ስም»፣ «የወል መሬት» ስለሚል ሁለቱን «ወል» ለማዛመድ ይቃጣናል። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ግን ለመዝገበ ቃላት ማስረጃ አይሆንም፤ ፍቻቸውም አንድ አይደለም። የአማርኛው «ወል» የብዙዎች የሆነ አንድ ነገር ነው፤ የኦሮምኛው «ወል» ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመላለስ ሥራ ነው። ይህ ልዩነት ከዚህ በታች ደግሞ ያስፈልገናል።

ስለ አጻጻፉ ብዙ ማለት አያስፈልግም። «እርስ በርስ»፣ «እርስ በእርስ»፣ «እርስበርስ» እየተባለ ይጻፋል። «በእግር» ሲባል «በግር» ተብሎ እንደሚነበብ ሁሉ፣ «በእርስ»ም በንግግር «በርስ» ነው። ስለዚህ «በርስ» የሚሰማውን፣ «በእርስ» የቃሉን ክፍል ጠብቆ ይጽፋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንድ አድርጎ መግጠሙን ግን አልደግፈውም፤ «ፊት ለፊት»፣ «ጎን ለጎን»፣ «እጅ ለእጅ» ተለያይተው እየተጻፉ ይህን ብቻ የሚያስገጥም ምክንያት የለም።

የቃሉ እርባታ ጠባብ ነው። «እርስ በርሳችን፣ እርስ በርሳችሁ፣ እርስ በርሳቸው» ይላል፤ ከዚህ አይወጣም። «እርስ በርሴ»፣ «እርስ በርስህ» የሚል አማርኛ የለም። ነጠላ ባለቤት ያለው ዐረፍተ ነገር ቢሆን እንኳ፣ ሥራው የሁለት ሰው መሆኑ በ«ጋር» ይነገራል እንጂ በ«እርስ በርስ» አይነገርም፤ «እኔ ከጎረቤቴ ጋር ታረቅሁ» እንላለን፣ «እኔ ከጎረቤቴ ጋር እርስ በርሴ ታረቅሁ» ግን አንልም። «ሕዝቡ እርስ በርሱ ተፋጀ» በሚለው ውስጥ «በርሱ» ነጠላ መስሎ ቢታይም፣ ባለቤቱ የጅምላ ስም ስለ ሆነ በውስጡ ብዙዎች አሉ። ስለዚህ «እርስ በርስ» ባለበት ሁሉ አስቀድሞ «እኛ» ወይም «እናንተ» ወይም «እነርሱ» የሚባል አንድ ስብስብ አለ። ይህን ለጊዜው እንያዘው።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ግሡ እንሂድ፤ የአማርኛ ሀብት ያለው እዚህ ነውና። የግእዝ ሰዋስው መምህራን ግሥን በአምስት አዕማድ ያቆሙታል። «ቀተለ» መነሻ ሆኖ «አቅተለ»፣ «ተቀትለ»፣ «ተቃተለ»፣ «አስተቃተለ» ይላል። «ተቃተለ» አንዱ ሌላውን ለመግደል መነሣቱን፣ ማለት መጋደልን ያሳያል። የአማርኛ ሰዋስው ጸሐፍት ይህን ዐምድ «ተደራራጊ» ይሉታል። ደስ የሚለው ነገር በዐረብኛም ይኸው ቃል በዚሁ ቅርፅና በዚሁ ፍች መኖሩ ነው፤ «ተቃተለ» ማለት «ተዋጋ፣ ተጋደለ» ነው። በወሎ አንድ የቅኔ ተማሪና አንድ የመስጊድ ደረሳ ጎን ለጎን ተቀምጠው ግሥ ቢያወርዱ፣ በዚህ ቃል ላይ ሲደርሱ አንድ ድምፅ ይሆናሉ።

አማርኛ ይህን ዐምድ በሁለት መንገድ ይሠራዋል። አንደኛው «ተ» አስቀድሞ የመካከሉን ፊደል ወደ ራብዕ በመለወጥ ነው፤ «ገደለ» «ተጋደለ»፣ «ወደደ» «ተዋደደ»፣ «ከሰሰ» «ተካሰሰ» ይሆናል። ሁለተኛው ፊደል በመድገም ነው፤ «ተገዳደለ»፣ «ተነጋገረ»፣ «ተረዳዳ»። ሁለቱም ባሉበት ግሥ ፍቻቸው አንድ አይደለም። «ተጋደሉ» ሲባል ሁለቱ ለመግደል ተነሣሥተዋል፤ ማንም ላይሞት ይችላል። የቅዱሳን «ገድል» ከዚህ የወጣ ስለ ሆነ በውስጡ ያለው ተጋድሎ እንጂ ግድያ አይደለም። «ተገዳደሉ» ሲባል ግን ሬሳ ወድቋል።

አንዳንዱ ግሥ ቅርፁን ይዞ ፍቹን ጥሏል። «ተናገረ» ቅርፁ የተደራራጊ ነው፤ ዛሬ ግን አንድ ሰው ብቻውን ይናገራል። ስለዚህ ቋንቋው የጠፋውን ፍች ለመመለስ ፊደል ደግሞ «ተነጋገረ» አለ። «ተሳሳተ»ና «ተሳሳመ» በቅርፅ አንድ ናቸው፤ ነገር ግን ብቻውን የሚሳሳት ሰው ሞልቷል፣ ብቻውን የሚሳሳም ሰው አይታይም። ሌላው ደግሞ የመነሻውን ፍች ሰውሮ ይዟል። «ተስማማ» የመጣው ከ«ሰማ» ነው፤ ስምምነት ማለት ከሥሩ መደማመጥ ነው። «ተግባባ» ከ«ገባ» ነው፤ የአንዱ ነገር ለሌላው ሲገባ ተግባቡ ይባላል። ከዚያው ከ«ገባ» የወጣው «ተጋባ» ለጋብቻ ይነገራል፤ «በሽታው ተጋባበት» ሲባልም ያው ቃል ነው። «ተዋደደ» ለሰው ብቻ አይደለም፤ አናጢውም መቃኑና መዝጊያው በልክ ሲገጥሙ «ተዋደዱ» ይላል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ እነዚህን ሁሉ ከመነሻው ግሥ ሥር ሰብስቦ በአጭሩ «ተ-» ብሎ ቢያልፋቸው አንባቢውን ባዶ እጁን ይሰደዋል።

ይህ ዐምድ በራሱ መመላለስን የሚገልጽ ከሆነ «እርስ በርስ» ለምን ያስፈልጋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። «ወንድማማቾቹ ተዋደዱ» ካልን ምንም አልጎደለም፤ «እርስ በርሳቸው» ብንጨምር ማጥበቂያ ብቻ ነው። ፍቻቸውን በለወጡት ግሦች ላይ ግን ማጥበቂያ ከመሆን አልፎ ፍች ለይቶ ይሰጣል። «አባላቱ ተቃወሙ» ቢባል ከውጭ የመጣ አንድ ነገር ተቃውመዋል፤ «አባላቱ እርስ በርሳቸው ተቃወሙ» ቢባል ግን ጠቡ በመካከላቸው ነው። «ተጠባበቁ» ብቻውን አንድን ነገር በጉጉት መጠበቅ ነው፤ «እርስ በርስ ተጠባበቁ» ሲሆን አንዱ ሌላውን ሳይቀድም መቆየቱ ነው።

የማይቻለው የተገላቢጦሹ ነው፤ ግሡን እንደ ነበረ ትቶ ሸክሙን ሁሉ በ«እርስ በርስ» ላይ መጫን። «እርስ በርስ ይረዳሉ»፣ «እርስ በርስ ያከብራሉ» የሚል አጻጻፍ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤና ከትርጕም ሥራ እየተለመደ መጥቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ ጉዳይ የግሡን ቅርፅ አይለውጥም፤ ሥራውን ሁሉ ለተውላጠ ስሙ ይተወዋል። ተርጓሚው ተውላጠ ስሙን አግኝቶ ሲደሰት ግሡን ይረሳዋል። በአማርኛ ግን ግሡ ካልተደራረገ ዐረፍተ ነገሩ አንካሳ ነው፤ «እርስ በርስ ይረዳዳሉ»፣ «እርስ በርስ ይከባበራሉ» መባል አለበት። በ«ረዳ» ላይማ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ፣ በወረቀት ላይ «ይረዳሉ» ቢነበብ «ር» ላልታ «ሌላውን ያግዛሉ»፣ ጠብቃ ደግሞ «ርዳታ ያገኛሉ» ይሆናል። የሐርቡው ወጣት ጸሐፊ የጻፈው «ይረዳሉ» የግዴታ ቃል ነው ወይስ የመብት? ከጠየቅሁት በኋላ ነው እርሱም እንዳላሰበበት ያወቀው።

ይህን ካየን ዘንድ ወደ ሽማግሌው ነገር እንመለስ። «የጋራ» እና «የእርስ በርስ» በብዙ ጽሑፍ አንዱ በሌላው ቦታ እየገባ ይሠራበታል፤ ነገር ግን የሚቈጥሩት የተለያየ ነው። «የጋራ» አንድ ነገር ይዞ ባለቤቱን ያበዛል፤ የጋራ ጉድጓድ፣ የጋራ ግጦሽ፣ የጋራ ሣጥን። ነገሩ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ሁሉ ወደዚያ ያያሉ። «እርስ በርስ» ግን የሚያዩት ወደ አንድ ነገር አይደለም፤ አንዱ ወደ ሌላው ነው። ከሁለት ሰዎች መካከል የሚነሣው ሥራ ሁለት ነው፤ አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይመለሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌ ስለ ጋራ ነገር ይናገራል። «እከክልኝ ልከክልህ» የሚለው ደግሞ፣ ለነቀፌታ ቢነገርም፣ ስለ እርስ በርስ ነው።

ገበሬው ይህን ልዩነት ከሰዋስው ጸሐፊው በፊት ያውቀዋል። ደቦና ወንፈል ሁለቱም አብሮ መሥራት ናቸው። ደቦ የጠራ ሰው አብልቶ አጠጥቶ ሥራውን ያሠራል፤ ለመጣው ሁሉ ቀን ቈጥሮ የመመለስ ዕዳ የለበትም። ወንፈል የተገባቡ ግን ቀን ይቈጥራሉ፤ ዛሬ የአንዱ ማሽላ ከታረመ በሚቀጥለው የሌላው ይታረማል፤ የጎደለ ቀን ይጠየቃል። ወንፈል እርስ በርስ ነው። በሐርቡ ቅሬ ውስጥ የነበረው ክርክርም እንዲህ ሲታይ፣ ቅሬው እንደ ሣጥን ነው ወይስ እንደ ወንፈል የሚል ነበር። ባልቴቷ ገንዘብ አልከፈሉም፤ ቀናቸውን ግን ሁሉ ከፍለዋል።

በአገሪቱ ሕግ ውስጥም ይህ ልዩነት ሰው የሚኖርበት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ የበላይ አድርጎ፣ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። «ማዘዝ»ና «መታዘዝ» ላይና ታች ያላቸው ቃላት ናቸው፤ ሥራው ከአንዱ ወጥቶ በሌላው ላይ ያርፋል እንጂ አይመለስም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን መከባበርን፣ መደጋገፍንና መረዳዳትን ከባልም ከሚስትም ይጠይቃል። ሦስቱም ቃላት ከተደራራጊው ዐምድ የወጡ ናቸው። «ባልና ሚስት ይከባበራሉ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንዱ ብቻ በሚያከብርበት ቤት ውስጥ እውነት ለማድረግ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ሁልጊዜ የሄደው ሥራ ልክ ይመለሳል ማለት አይደለም። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ «ደም ተቃቡ» የሚለው አነጋገር ነው። «ቀባ» ከሚለው የወጣ ነው። አንድ ሰው ሌላውን ቢገድል፣ ገዳዩ አንድ ሟቹም አንድ ናቸው፤ ከሟቹ ወገን ገና እጁን ያነሣ የለም። ቋንቋው ግን ሁለቱን ቤተ ሰቦች «ደም የተቃቡ» ይላቸዋል። ገና ያልተመለሰውን ደም እንደ ተመለሰ ቈጥሮ፣ ሁለቱንም በአንድ ግሥ ውስጥ ያስገባቸዋል። በወሎ የእርቅ ሥርዓት ውስጥ አበጋሮች የሚገቡት ይህ ግሥ እስከ መጨረሻው እንዳይፈጸም ነው። የእነርሱ ሥራ የሚነገረውም በአምስተኛው ዐምድ ነው፤ «አስታረቀ»፣ «አስማማ»፣ «አግባባ» ስንል ሦስተኛ ሰው ገብቶ ሁለቱን እንዲደራረጉ ያደርጋል ማለት ነው። ባለሙያው በስሙም «አስታራቂ» ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝና ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ሐረግ «የእርስ በርስ ጦርነት» ነው። ከጊዜ ብዛት ሐረጉ ከግሥ ተለይቶ እንደ አንድ ስያሜ ቆሟል፤ በትግርኛም «ኲናት ሓድሕድ» ይባላል። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ተይዘው፣ በኅዳር ወር መጨረሻ እንደ ገና እጅ በለወጡ ጊዜ፣ የዚያ አገር ሰው ይህን ሐረግ ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከደጁ ተምሮታል። አንዳንዶች «እርስ በርስ» በዚህ ሐረግ ምክንያት የጠብ ቃል ሆኗል፣ «በ» የምትባለውም መስተዋድድ «በላዩ» የሚል ፍች አላትና ከመጀመሪያውም ጠብ አዘል ነው ይላሉ። ይህ አያስኬድም። «እርስ በርስ ተዋደዱ» ለማለትም ያችው «በ» ታገለግላለችና፣ ጠቡንም ፍቅሩንም የሚያመጣው ግሡ ነው። ይልቅስ ልብ ሊባል የሚገባው ከዚህ በላይ ያቆየነው ነገር ነው፤ «እርስ በርስ» ያለ አንድ ስብስብ አይቆምም። ጦርነቱን በዚህ ስም የሚጠራ ሰው፣ የተዋጉት ወገኖች የአንድ «እኛ» ሁለት ጎኖች መሆናቸውን አምኖ ነው። ሌላውን ከወገን ለማስወጣት የሚፈልግ ተዋጊ ለዚህ ነው ይህን ስም ሲሸሽ ሌላ ስም ሲፈልግ የሚታየው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ሰነድ «ስምምነት» መባሉ ደግሞ «ሰማ» ወደሚለው ግሥ ይመልሰናል።

ለተርጓሚዎችና ለስያሜ አውጪዎች ጥቂት ነገር ልጨምር። በመግለጫዎች ላይ «የጋራ መከባበር»፣ «የጋራ መተማመን»፣ «የጋራ መረዳዳት» የሚሉ ሐረጎች ይበዛሉ። «መከባበር»፣ «መተማመን»፣ «መረዳዳት» መመላለስን በውስጣቸው ስለያዙ «የጋራ» አያስፈልጋቸውም፤ ከማስፈለግም አልፎ ፍቹን ያዛባል። «የጋራ መግባባት» የሚለውን ግን፣ ከውይይት በኋላ የተገኘ አንድ ሐሳብ ለማለት ከሆነ፣ ብንታገሠው ጉዳት የለውም። «የጋራ ጥቅም» ትክክል ነው፤ ጥቅሙ አንድ ከሆነ። መንግሥታት ማስረጃ ለመለዋወጥና ምስክር ለመስማት የሚዋዋሉትን «የሕግ ትብብር» ማለት ይበቃል፤ «ትብብር» ከ«ተባበረ» ወጥቶ ሳለ ሌላ ቅጽል መጫኑ ጭነት ማብዛት ነው። ሁለት ወገኖች ብቻ መሆናቸው ሊነገር ሲፈለግ «የሁለትዮሽ» አለ። እርሱ ግን ቍጥር እንጂ መመላለስን አይናገርም፤ በሁለትዮሽ ውል አንዱ ብቻ ሰጪ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

በመዝገበ ቃላት ውስጥ ለዚህ ሐረግ ቦታ መስጠት አስቸጋሪ ነው። በ1951 ዓ.ም. ከታተመው ከከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት፣ በ1962 ዓ.ም. ከታተመው ከደስታ ተክለ ወልድ ሥራ፣ ወይም በ1993 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ካወጣው መዝገብ አንዱን የያዘ አንባቢ፣ ሐረጉን «ርእስ» ከሚለው ሥር ይፈልገው ወይስ «እርሱ» ከሚለው አጠገብ፣ በቀላሉ አይወስንም። እኔ በ«እ» ሥር ራሱን ችሎ እንዲቆምና ከ«ርእስ»፣ ከ«ራስ»ና ከ«እርሱ» ጥቆማ እንዲደረግለት አሳስባለሁ፤ አገባቡም የሚከተለውን ቢመስል።

እርስ በርስ፤ (እርስ በእርስም ይጻፋል) ከግእዝ «ርእስ»። ባለቤቱ ብዙ ወይም የጅምላ ስም ሲሆን ብቻ የሚነገር፤ እርስ በርሳችን፣ እርስ በርሳችሁ፣ እርስ በርሳቸው ተብሎ የሚዘረዘር። 1፤ አንዱ በሌላው፣ አንዱ ለሌላው፤ ሥራው ከእያንዳንዱ ወጥቶ ወደ እያንዳንዱ የሚመለስ፤ ግሡ ተደራራጊ ይሆናል፤ «ጎረቤቶቹ እርስ በርሳቸው ይጠራራሉ።» 2፤ ከ«የ» ጋር፣ በአንድ ወገን ውስጥ የሚደረግ፤ «የእርስ በርስ ጠብ።» ከ«የጋራ» ጋር አስተያይ።

በሐርቡ የነበረው ጉባኤ ይህን ሁሉ ሐተታ አልጠበቀም። እኔ የነገርኋቸው «የጋራ» ስለ ሣጥኑ፣ «እርስ በርስ» ስለ ሰዉ እንዲነገር፣ ግሡም «ይረዳዳሉ» እንዲሆን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ራሳቸው ተከራክረው አንቀጹን ለሁለት ከፈሉት። በመጀመሪያው የሣጥኑ ገንዘብ የጋራ እንደ ሆነና መዋጮውን ያልከፈለ ከሣጥኑ ገንዘብ እንደማይወስድ ተጻፈ። በሁለተኛው በመቃብር ቁፋሮ፣ በሬሳ ሽኝትና በለቅሶ ቤት ሥራ አባላቱ እርስ በርሳቸው እንደሚረዳዱ፣ ለዚህም ገንዘብ አለመክፈል ምክንያት እንደማይሆን ተጻፈ። ባልቴቷ በር አጠገብ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር፤ ምንም አልተናገሩም። ወጣቱ ጸሐፊ ሊገለብጠው ሲነሣ፣ «ዶክተር፣ በርስ ነው በእርስ የምለው?» አለኝ። ሁለቱም ይሆናል ብለው ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው የማይሳሳቱበትን ልጻፍ» ብሎ «በእርስ» አለ። ደብተሩ ላይ ያለው እርሱ ነው።